በርኩማ

ሐይፋ ቁልቁለት ላይ፥ ከቁልፍ ቀራጭ በላይ፣
ጠባብ ክፍል አለች፥ ባሕር የምታሳይ።
ሳሶን፥ የባስራው ልጅ፥ ሰማንያን ያለፈ፣
ቫዮሊን ታቅፎ ተቀምጧል፥ እንዳኮረፈ።
ሩዳይና መጣች፥ ዑድ በጀርባዋ አዝላ፣
ጃንጥላዋን ለዑዱ፥ ራሷን ለዝናብ ጥላ።

አንድ ዜማ ጀመረች።
«የኛ ነው» አለ፥ «አባቴ በምኩራብ ያዜመው።»
«የለም» አለች፥ «የአክስቴ ሰርግ የደመቀው በዚህ ነው።»
ሻዩ ቀዘቀዘ። ርስት በዋዛ አይለቀቅም፣
ዜማም ርስት ነው፤ «ይሁን» የሚል አልነበረም።

ያኔ ተንሸራቶ ወደቀ የቫዮሊኑ በርኩማ፣
ክሮቹ ረገቡ፤ ዝናቡ ብቻ ተሰማ።
በእኛ አገር በርኩማ ትራስም ነው፥ አንገት ያሳርፋል፤
ይሄኛው ሙጫ የለው፥ ምስማር፤ በውጥረት ብቻ ይቆማል፣
ክሮቹ ከላሉ ይወድቃል።

እሷ ክር ያዘች። እሱ እንጨቱን አቆመ፣
ከንፈሩን ነክሶ፥ ትንፋሹን ውጦ፥ ጣቱ እየደከመ።
«አጥብቂ» አላት በዐረብኛ፥ በእናቱ አንደበት፤
«ቀስ ይበሉ» አለች በዕብራይስጥ፥ ሳታስብበት።

ዜማውን ተጫወቱት፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት።
የማን እንደሆነ ግን እስከ ደረጃው ድረስ ተከራከሩበት።
«ተሳስተዋል» አለችው፥ ጃንጥላዋን እየዘረጋች፤
«ማክሰኞ መጥቼ አስረዳዎታለሁ።»