ወላሂ ማለት አልችልም

ሐይቅ፣ ከውኃው ዳር ካለው ዓሣ ቤት፣
ወንበሩ ሳይሞቅ ጥያቄ ጀመርሁ፤
በምን ዘይት ነው የምትጠብሱት?
ይኼ መጥበሻ ለውዝ ነክቶት ያውቃል?

አስተናጋጁ ሳቀ። «አብሽሪ፣ እትዬ!
ለውዝ ሰው ሲገድል የት ታየ?»

የት እንደታየ እኔ አውቃለሁ።
ኮምቦልቻ፣ ሰርግ ቤት፣ ጥፍር የምታህል ኬክ፤
የነጂማ ከንፈር ሲያብጥ፣ ትንፋሿ ሲቀጥን፣
ባጃጁ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት።

ቦርሳዬን ዳበስሁ። መርፌው አለ።

ዘሀራ ከጓዳ ወጣች፣
እጇን በሽርጧ እየጠረገች፤
ልጅቱን አየች፣ መጥበሻውን አየች፣
ቆየች።
«ትናንት ማታ ለውዝ ቆልቼበታለሁ።
ባጥበውም፣ ባሸውም፣
ወላሂ ማለት አልችልም።
እንግዳ ጦሙን መመለስ ነውር ነው፤
ዛሬ ነውሩን እኔ ልሸከመው።»

ልጁን ሰደደችው። ሙዝ ይዞ መጣ፣
አንገቱን ደፍቶ፤
ቢላ ያልነካው፣ ከነልብሱ።
ነጂማ በገዛ እጇ ላጠችው።

ስንቱ ቤት «ምንም የለበትም» ብሎን ነበር!
እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ
ጀርባዬን ለወንበሩ ሰጠሁት።

ከጓዳ የዘይቱ ድምፅ ይሰማል፤
የሌላ ሰው ዓሣ ነው።
«እማ፣ ዓሣ ምን ምን ይላል?»
ዘሀራ ቀደመችኝ፦
«ሐይቅ ሐይቅ።»