እንየውን እንየው

ሰኞ ጠዋት ቡሬ፣ ከጎሚስታው ደርበው ደጅ፣
ወሬ ያልያዘ የለም፣ ከሽማግሌ እስከ ልጅ።
ጎማ ሊያስነፋ የመጣ፣ ራሱ በነገር ተነፍቶ
ይሟገታል ቆሞ፣ የመጣበትን ረስቶ።

ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ሽንፈት፤
የፈጠም ወጣቶች፣ የኛው ልጆች፣ የኛው እፍረት።
ትናንት እንኳ በሜዳችን፣ በበርበሬ ተራው ጎን፣
የደንበጫ ልጆች መጥተው፣ አንድ ለዜሮ ረቱን።

አስማረ ባለሚዛኑ፣ ድምፁ ከኩንታል የከበደ፣
«እንየው ይውጣ!» ብሎ፣ ጎማ ክምር ላይ ወጥቶ ፈረደ።
«የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ይዞ፣ ጺም ካለው ያጋጥማል፤
ከእረፍት በኋላማ፣ ተከላካዩ ቆሞ ያዛጋል።
ያን ግራኙንስ ልጅ፣ ለምን አስቀመጠው?
ዘመድ የለውም ብሎ ነው?»

ሽባባው ጡረተኛው፣ «ለጠቅላይ ግዛቱ ተሰልፌ ነበር» ባይ፣
ምስክሩ ሁሉ ሞቶበት፣ የታጠፈ ጉልበቱን የሚያሳይ፣
«ኳሱም አልገባልን፣ ነገሩም አልገባን» አለና
ከዘራውን ተደግፎ፣ እንቅልፉን ጀመረ እንደገና።

ጠጂቱ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ ጨዋታ ያላለፋት፣
ቆሎ እየሰፈረች፣ የአስማረን ቃል ቆረጠችበት፤
«በርበሬ እንኳ ተተክሎ፣ እስኪቀላ ይጠበቃል፤
ልጅም እንደዚያው ነው፣ ጊዜ ከሰጡት ይበስላል።»
«ቃሪያም እኮ ይበላል!» አለ አንድ ሹፌር ከኋላ፤
ደጁ በሳቅ ተሞላ።
እሷ ግን አልሳቀች፤ ስፍሯን ቆሎው ላይ ደፍታ
«እንየውን እንየው» አለች፣ ለስሙ ፍቺ ሰጥታ።
«እናቱ ስሙን ስታወጣ፣ ፍረዱበት አላለችም፤
እንየው ነው ያለችው፤ እናንተ ግን አላያችሁም።»

«ደግሞስ» አለ ደርበው፣ ከካላማዳሪው ቀና ብሎ፣
«የልየው ምት አግዳሚ ነክቶ፣ የወጣው ከመስመር አልፎ፣
ጎል ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!»
«አላለፈም!» «አልፏል!» «አላለፈም፣ እምላለሁ!»

እኔ ዝም።
የተበሳሳ የዘይት ጣሳ ይዤ፣ ቅዳሜ ማታ ማታ
የሜዳውን መስመር የማሰምር፣ ለእሁድ ጨዋታ።
ሁለት ከረጢት ተሰጠኝ፤ አንዱን ለሜዳው አዋልሁ፣
በአንዱ፣ ለእህቴ ሰርግ፣ የቤቴን ግድግዳ ቀባሁ።
መሀሉን፣ ክቡን፣ ጥጋጥጉን፣ ረጅሙን ጎን ዞርሁና
ወደ ላይኛው ጎል ስቀርብ፣ ጣሳዬ ቀለለኝና፣
ኖራም ኖራ ኖራ፣ ጎል አፉ ስትደርስ አለቀች፤
የመጨረሻዋም ጭብጥ፣ በነፋስ ተበተነች።
አመድ ነሰነስሁበት፤ ከአቧራው ተመሳሰለ፤
ልቤም፣ «የኛ ልጆች እዚህ ድረስ መች ሊመጡ!» አለ።

መጡ።
ኳሷም አመዴ ላይ ወርዳ፣ ነጥራ ወጣች።
ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ ነጭ ነገር ፈልጎ አጣ፤
ልየው በግንባሩ ተደፋ፤ ከኔ ግንባር ላብ ወጣ።

«እጅ አውጡ!» አለ አስማረ። «ይውጣ» የሚል ዘጠኝ፣ «ይቆይ» የሚል አምስት።
እኔ እጄን ኪሴ ከተትሁ፤ ጥፍሬ ስር ኖራ ነበረበት።

ይኸኔ መጣ እንየው፣ ሳይክሉን በእጁ እየገፋ፣
የኋላ ጎማው ተንፍሶ፤ ወሬው ሁሉ ድንገት ጠፋ።
አስማረ ከክምሩ ወርዶ፣ «ደህና አደርክ፣ አሰልጣኝ» አለ፤
ሹፌሩ ስለ ናፍጣ ሰልፍ፣ ያልጀመረውን ቀጠለ።
ጠጂቱ አንድ ስፍር ቆሎ፣ ኪሱ ውስጥ ገለበጠች፤
ብር ሲዘረጋላት፣ «ከጎል በኋላ» አለች።

እሱ ምንም አልተናገረ፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ዕድል፤
ጎማው እስኪለጠፍ ቆመ፣ እንደ ማንም ባለሳይክል።
ከፍሎ ሲወጣ ግን፣ አጠገቤ ቆም አለና፣ በሹክሹክታ፦
«ግድግዳህ አምሯል፤ በዚያ ሳልፍ አየሁት፤
ለእሁዱ ግን፣ አደራ፣ ጎል አፉ ላይ ወፈር አድርጋት።»

ሳይክሉ ላይ ወጣ።
ከጥጉ ገና ሳይታጠፍ፣ ክርክሩ ካቆመበት መጣ፤
«ይውጣ!» «ይቆይ!»
እኔ ጥፍሬን እያየሁ፣
የአንድ ከረጢት ዋጋ አሰላሁ።