አርባ አንድ ቁጥር

ስም የላትም ርግቧ፤ ቁጥሯ አርባ አንድ ነው፤
ጠዋት ስመዝናት፣ ልቧ መዳፌን የሚያንኳኳው
እንደ እንግዳ ሰው ነው።

በቤሌም፣ ከጉዋማ ወንዝ ዳር፣ የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲፈርጥ፣
ወጣቱ ተመራማሪ ታርሲዚዮ፣ ከጨለማ ሳጥን ፊት፣ ሳያቋርጥ
ዓመት ከመንፈቅ አንድ ነገር ይጠይቃል፦
የተተወ ልማድ ይሞታል ወይስ ይደበቃል?

መጀመሪያ ቀዩን መብራት በመንቁሯ ስትመታ እህል ይወርድ ነበር።
ቀዩ ሲደርቅባት ወደ አረንጓዴው ዞረች፤ እሱም ከፈላት፣ ሳያጓድል ስፍር።
አንድ ሰኞ አረንጓዴውም ነጠፈ።
ቆመች። አንገቷን ሰበቀች።
ከዚያ ወደ ቀዩ፣ ወር ሙሉ ዞር ብላ ወዳላየችው፣
ሄደች፤ መታችው፣ መታችው፣ መታችው።
የመዝጋቢው መስመር በወረቀቱ ላይ እንደ ዳገት ተነሳ፤
"ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም" አለ ታርሲዚዮ፤ ጻፈ፤ ምሳውን ረሳ።

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ፣ ሽርጤን ቀይሬ
ክሊኒክ እወለውላለሁ፣ ሁለት ጎዳና ተሻግሬ።

እዚያ ዶና ዙልሚራ፣ ዓሣ ሻጯ፣ ልጇን ኤዲቫንን አቅፋ፣
ታለቅሳለች፦ "ድኖልኝ ነበር እኮ! አሁን ደግሞ ምን ከፋ?"
ድሮ ውኃ ሲጠማው ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጭ ነበር፤
በኋላ ካርድ መስጠት ለመደ፣ ብርጭቆ የተሳለባት፣ ጠርዟ የተበላ፤
አምስት ወር ሰላም ሆነ።
ትናንት ግድግዳውን እንደገና ደም ነካው።
ሐኪሟ ሄሎይዛ መዝገብ ትገልጣለች፤ መዝገቡ ዝም።

መወልወያዬን ተደግፌ፦ "ካርዱን ሲሰጥሽ ምን ትይው ነበር ሰሞኑን?"
"ገበያው ጦፏል፤ እጄ ሚዛን ላይ ነው፤ 'ቆይ' ስለው ሰነበትኩ፣ ቀን በቀን።"

አረንጓዴው ነጠፈ።

"ልጅሽ አልከፋም" አልኳት። "የቀድሞው መንገድ ተኝቶ ነበር፤
ካርዱ መልስ ሲያጣ ነቃ።"
ሄሎይዛ ቀና አለች፦ "ማን አስተማረሽ?"
ምን ልበላት? አርባ አንድ?

በማግስቱ ለታርሲዚዮ ነገርኩት። ማንኪያው አፉ ጋ ደርሶ ቀረ።
"ስንት ጊዜ 'ቆይ' ተባለ? በስንተኛው ነቃ?" ጃንጥላዬን ለምኖ፣
በዚያ ዝናብ፣ ሁለቱን ጎዳና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገረ።

ዛሬ አረንጓዴው እንደ ድሮው አይከፍልም፤ እንደ ገበያ ሰው ነው፦
አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ "ቆዪ" ይላል፣
እያዘገየ፣ እያስለመደ፣ ጥቂት በጥቂት።
ርግቧን መዝኜ አስገባኋት፤ ልቧ ያንኳኳል።
ሳጥኑን የምዘጋው እኔ ጁሬማ ነኝ፤ አዲሱ ጥያቄ
የዓሣ ሽታ አለው።