የደጀን አልቤርጎ

ክረምት በገባ ቁጥር ኖራው ሲያብጥ በዝናብ፣
ከግድግዳው ወጥቶ ይጀምራል መነበብ
አሮጌው የቤት ስም፣ የባዕድ ፊደላት፤
መሰላል አቁሜ ኖራ እቀባለሁ ዓመት በመጣ ዓመት።

ሲኞር ኦረስተ ነው ይህን ቤት ያቆመው፣
ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ዓባይን ቁልቁል እያየው።
ሰባት ክፍል፣ ሰባት ሽቦ አልጋ፣ አንድ ወጥ ቤት።
እንግዳ የጠፋ ለት
ማካሮኒ ቀቅሎ ብቻውን ይበላል፤
ሌሊት ያለቅስ ነበር ይላሉ። አላውቅም፤
እሱ ሲሄድ እናቴም አልተወለደችም።

አያቴ አንጓች አንሶላ አጣቢው ነበረች፣
በሳምንት አሥር ሊሬ። «ለጣሊያን አደረች»
አላት ያገሩ ሰው፣ ውሃ ስትቀዳ እየሰማች።

አክስቴ ስመኝ ግን ሌላ ወሬ አላት፦
አመሻሽ ላይ፣ ከአፋፉ ገመድ ላይ ስትሰጣት
አምስት ካሚዮን ሲያድር አምስት አንሶላ ነው፤
ከገደሉ ሥር ሆኖ ጠመንጃ የወለወለው
ሽቅብ እያየ ይቆጥር ነበር።
ዶሴ የለም። ገደሉም አይናገር።

እሷኑ ብጠይቃት፣ «ልብስ ሲቆሽሽ ይታጠባል» አለች፤
«አድረሽ ነበር ወይ?» ስላት፣
«ማን ያላደረ አለ? ሌሊቱ ረጅም ነበር» ብላ ሳቀች።

በሠላሳ ሦስት ሲኞሩ የጫማውን ክር ሳያስር ሄደ፤
ሰባቱም ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ ነበር፣ አንድ አልተወሰደ።
«አንጓች ሆቴል» አለችው።
ጠጅ ጨመረችበት፣ ለሲራራው በቅሎ ገለባ፤
ጣሊያን ያደረበት አልጋ ላይ አርበኛ ከነጭቃው ገባ።

ኋላ «ትርፍ ቤት ነው» ተባለና ቀበሌ ወረሰው፤
ስመኝ በእናቷ ቤት፣ በደመወዝ፣ ወጥ ትጨልፋለች ለሰው።
ሊቀመንበሩ አንዱን አልጋ «ለጥገና» ብሎ አስጫነ፤
እስከ ዛሬም አልተጠገነ።
ልጁ ይተኛበታል።

አራተኛው እኔ ነኝ፣ ምናሉ። ቤቱ ሲመለስ
እዳውም አብሮ መጣ፤ ጣራው ግን ያፈስ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሦስቱንም ስም አንድ ላይ አወጣው፦
የሲኞሩ «አልቤ»፣ የአያቴ «ጓች»፣ የቀበሌው «ምግብ ቤት»።
አልቤጓች ምግብ ቤት። አንብቤ ሳልጨርስ
ኖራው ብሩሹ ላይ ደረቀ። የቱን ልደምስስ?

ከታች አንድ የጭነት መኪና፣ ባንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣
ዳገቱን ጨርሶ ከደጄ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን ከፈተ፦
«ጌታው፣ አልጋ አለ?»
«ስድስት አለ» አልኩት። «ሰባተኛው ጎረቤት ነው ያለው።»
ባልዲውን ይዤ ከመሰላሉ ወረድኩ።