ልዩ ልዩ ወጪ

ጌታው ኦዲተር፣ ከከተማ የመጡት፣
በእርሳስዎ ጫፍ መዝገቤን የወጉት፣
«ሞርፊኑ ይገባኛል፣ ጓንቱም ይገባኛል፤
ይህ ‘ልዩ ልዩ’ ግን ልክ ያጣ መስሎኛል»
ላሉኝ መልስ አለኝ፤ እባክዎ ይቀመጡ፤
ዶፉ ሳያባራ የትም አይወጡ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣
አንዲት ሳንቲም ጎድላብኝ እንቅልፍ ያጣሁ፣
ቬላዩዳን እባላለሁ።
በዚህ በቬምባናድ ሐይቅ ዳር፣ በዚህ ማስታመሚያ ቤት፣
የሐኪም እጅ የለኝም፣ የነርስ ትዕግሥት፤
ያለኝ እርሳስ ነው።

ገቢያችን ምን መሰለዎት?
በየሻይ ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በጀልባው ትኬት መቁረጫ
አናቷ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ አለች፣ የሳንቲም ማስቀመጫ።
ወር በገባ እሑድ ዞሬ እለቅማለሁ፤
ጋዜጣ ላይ ዘርግፌ እቆጥራለሁ።
በመጋቢት ሱቁ ሁሉ ተከረቸመ።
ቆርቆሮዋን ነቀነቅኋት፤
ድምፅ የለም።

መስመር አሥራ አራት፤ ፎቶ ማሳተሚያ፣ ሠላሳ ሩፒ።
ነርሷ ሱሌካ በጭንብል፣ በመነጽር፣ በላስቲክ ካባ ተሸፍና ብትገባ፣
ሸማኔዋ አሮጊት ቺሩታ ወደ ግድግዳ ዞረች፤
«ፊት ከሌለው ጋር ነገር አልጀምርም» አለች።
ሱሌካ ወጣች። ከማንጎው ሥር፣ ስድስት እርምጃ ርቃ፣
ጭንብሏን ዝቅ አደረገች፣ መስኮቱ እስኪከፈት ጠብቃ።
አሮጊቷ አየቻት፣ አየቻት። «ጥርስሽ ፍንጭት ነው» አለች፤
ክንዷን ለመርፌው ሰጠች።
በማግሥቱ ያንን ፍንጭት በወረቀት አሳትመን
ከካባው ደረት ላይ ለጠፍን።

መስመር ሃያ ሁለት፤ ባትሪ፣ ሁለት ፍሬ።
ጀልበኛው አቡበከር አልጋ ከያዘ ሰባት ወሩ፣ አንድ ማታ አላመለጠውም የባሕር ወሬ፤
ለዓሣ አስጋሪዎች በሬዲዮ የሚነገረው፣
የነፋሱ ፍጥነት፣ የማዕበሉ ቁመት።
«እኔ ባልቀዝፍ የሚቀዝፍ አለ» ይል ነበር።
ሲቀበር በቁጥር ነው የተፈቀደው፤
አራት ሰው ቃሬዛ ያዘ፤ የቀረው ሰፈር በየጀልባው ቆሞ ከሩቅ ሸኘው።
ሬዲዮው አሁንም ይሠራል።

መስመር ሠላሳ አንድ፤ ገመድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር።
ደሴቷ በቀርከሃ ታጥራ መግባት በተከለከለ ጊዜ
መድኃኒቱን በቅርጫት አድርገን ከጀልባ ወደ ምሰሶው አሳለፍነው።
አንድ ቀን ቅርጫቱ ሲመለስ ሦስት የዳክዬ እንቁላል ነበረበት።
በገቢ አልመዘገብሁትም፤
በልተነዋል።

መስመር አርባ። ይቺን ቀስ ብለው ያንብቧት።
የስልክ ሒሳብ፣ ወደ ሻርጃ።
የማሪያኩቲ ልጅ፣ አውሮፕላን የቆመበት፣
ስልኩ ከእናቱ ጆሮ ሥር ተደግፎለት
ስለ ደመወዙ፣ ስለ አንድ ክፍል ስምንት ሰው፣ ስለሚገዛላት ማራገቢያ አወራ።
እሷ አርፋለች። ሱሌካ ዓይኗን ከድናለች።
እሱ ግን ገና ወሬውን አልጨረሰም ነበርና
ማንም አላቋረጠውም።
ሃያ ደቂቃ። ከፈልሁ።

ነሐሴ ላይ የኩንጁሞን ሻይ ቤት በተከፈተ ለት
ቆርቆሮውን ላንሳ ብል ከበደኝ፤ አፉ ድረስ ሞልቷል።
አምስት ወር የተዘጋ ሱቅ!
«ምን አደረግህ?» አልሁት። ብርጭቆ ያለቀልቃል።
«ሱቁ ተዘጋ እንጂ እኔ ሻይ መጠጣት መች ተውሁ?
ጠዋት ጠዋት ለራሴ እሸጣለሁ፣ ለራሴ እከፍላለሁ፤
ዱቤ አልወድም፣ ታውቃለህ።»

ይኸው ነው ጌታው።
ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ቤት አንኳኳን።
መቶ አሥራ ስምንቱ ዛሬ ሌላ ሰው ነው የሚከፍትልን።
ለዚህ ረድፍ የለኝም፤ ብዙ ፈልጌ ነበር፣
መስመሩንም በማስመሪያ አሥምሬ፣ አናቱ ላይ የምጽፈው ቃል ጠፍቶኝ ተውሁት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መዝገቡ አራት ሩፒ ይተርፈዋል።
ሦስት ሌሊት ደመርሁ፣ ቀነስሁ፤ ያው ነው።
ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ያሳፍረኛል፤
እርስዎ የሚሆነውን ይጻፉበት።

ዝናቡ አባርቷል። ጃንጥላዎ ከበሩ ሥር ነው፣
ከቆርቆሮዋ አጠገብ።
እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ፤
የሰው ኪስ አላይም።