ተዛማጅ ቃል

"ሦስተኛ ገጽ ነን" አለኝ ሸረፋ፤
"ጉግል ላይ ሦስተኛ ማለት መቃብር ነው፣ ስሙ የጠፋ።
'ካርጎ' የሚለውን ቃል ባለጠጎች ይዘውታል፤
አንተ ዘመዶቹን ፈልግ። ቃልም ዘመድ ይኖረዋል።"

ናይፍ ሰፈር ነው ቢሮው፣ ከሻንጣ ነጋዴው በላይ፤
ኤሲው ውሃ ያንጠባጥባል በካርቶኖቹ ጫፍ ላይ።
ውጭ አርባ አራት ዲግሪ፣ ውስጥ ጃኬት ለብሻለሁ፤
ምስር እንደሚለቅም ሰው ቃል እለቅማለሁ።
በግራ ዓምድ ቃሉን፣ በቀኝ የፈላጊውን ብዛት፣
ከጎኑ ፉክክሩን፦ ስንት ሱቅ እንደቆመበት።

"ካርጎ ወደ አዲስ አበባ።" "የኪሎ ዋጋ በድርሃም።"
"በመርከብ ስንት ቀን ነው፣ በአየር አይሻልም?"
ሰው ለማሽን ሲጽፍ ቃል አያበዛም፤
እንደምን ዋልክ የለም፣ እግዜር ይስጥልኝ የለም።
ፊደል ይገድፋል፤ "ካርጉ" ይላል፣ "ከርጎ" ይላል፤
ስህተቱንም መዘገብኩ። ስህተትም ደንበኛ ያመጣል።

ከምሳ በኋላ ነው፣
"ይህን የፈለጉ ይህንንም ፈልገዋል" የሚለውን የነካሁት።
ከ"ካርጎ" ሥር "ሻንጣ"፣ ከ"ሻንጣ" ሥር "ፓስፖርት"፣
ከ"ፓስፖርት" ሥር ደግሞ "ማዳም ከቆለፈችበት"።
ከእሱ ሥር "ያለ ፓስፖርት አገር መግባት ይቻላል?"
ከእሱም "ሊሴ ፓሴ ስንት ቀን ይፈጃል?"
ሥር ከሥር እየሳብኩ፣ እንደ ሰርዶ ስነቅል፣
አንዱን ይዤ ስጎትት ሌላው ተያይዞ ሲበቅል፣
ከሁሉም ግርጌ አንድ መስመር፣
"አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ስንት ነው" የሚል።

ብዛት፦ በወር መቶ አርባ።
ፉክክር፦ ባዶ።

ሸረፋ በትከሻዬ አጎንብሶ አየ፤
"ማንም አልቆመበትም" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ።
ባዶ ማለት ያለ ውጊያ አንደኛ ገጽ መውጣት ነው፤
ስንፈልገው የከረምነው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።
"ማን ነው ይህን የሚጽፈው?" አለኝ። አላወቅሁም።
ማሽኑ ብዛት እንጂ ስም አይሰጥም።
ምናልባት አል-አይን ያለች፣ የእህቷ አልጋ ጫፍ ላይ፣
ስልኳን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ብርሃኑ እንዳይታይ።
ምናልባት ሦስት ጓደኛሞች፣ ለአራተኛዋ የሚያዋጡ፣
ደመወዝ በደመወዝ ደምረው ስሌቱ አልሞላ ብሏቸው እንቅልፍ ያጡ።
ዘመድ ቃል ፈልግ ተብዬ ዘመድ የራቀው ሰው አገኘሁ፤
ሠንጠረዡን እንደከፈትኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

"ገጹን ጻፍ" አለ ሸረፋ። "ዋጋ ግን አታስገባበት።
የትኛው ወረቀት ከየት እንደሚወጣ በዝርዝር አስፍርበት።
ስልኬንም ጻፍ። የሱቁን አይደለም፣ የራሴን።"
ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራ፤ ስለ ቴፕ ዋጋ መሰለኝ።

በሁለተኛው ወር አንደኛ ገጽ ወጣን፣ በዚያች በአንዲት መስመር፤
"ካርጎ" ዛሬም ሦስተኛ ነው፤ ሸረፋም ትቷል መማረር።
የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። ስልኩ ይጮኻል ጎህ ሳይቀድ፤
"ሄሎ" ይላል ሸረፋ፣ እንቅልፉ ከዓይኑ ሳይሄድ።
ወዲያኛው ወገን ዝም ይላል፤ ማሽን መስሎት ይሆናል።
ትንፋሽ ብቻ።
ከዚያ በቀስታ
"እንደምን አደራችሁ" ይላል።