ጎማ በእርግጫ አይለካም

ከወንጂ ማዞሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ
አሮጌ የሲኖ ጎማ ደጁ ላይ ተሰቅሎ
የምታዩት ቤት የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ነፍቻለሁ፤
ስንቱን አይሱዙ፣ ስንቱን ባጃጅ ተንበርክኬ አስነስቻለሁ።

ሾፌር ሁሉ አንድ ነው። ከጋቢናው ዱብ ይልና
ጎማውን በጫማው ይመታል፦ "ይሄ ምን ሆነ? ደህና!"
እኔ አላምንም። ጌጁን እሰካለሁ፤
ቀስቱ የሚለውን እሰማለሁ።
በተለይ በግንቦት፣ የአዳማ አስፋልት ሬንጁን ሲተፋ፣
ደህና የመሰለው ነው መተሐራ ሳይደርስ ድራሹ የሚጠፋ።

ይህ ሁሉ ለጎማ ነው።
ለራሴ ሲሆን ግን እኔም ያው ሾፌር ነበርኩ፤
ጣቴን ብረት ቀጥቅጦኝ ጤና ጣቢያ እስክሄድ
ደረቴን መትቼ "ደህና ነኝ" እያልኩ።

ሲስተር ነጃት ክንዴን አሰረች። ነፋች። ቀስ ብላ ለቀቀችው።
ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ነው።
"መቶ ሰማንያ በመቶ አስር።"
"ለሲኖ ቢሆን ጥሩ ነበር"
ብዬ ቀለድኩ።
አልሳቀችም።
"ግፊት ሁልጊዜ አይጮኽም" አለች፣ "ራስህን ላያምህም፤
የፈነዳ ቀን ነው የምትሰማው፣ ያኔ እኔም አልደርስልህም።"

አንድ ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት። በወሩ ቁጥሩ ወረደ፤
ጉራ ልቤን ይዞት ሄደ፤
ዳንኩ ብዬ መዋጥ ተውኩ።
(ልጥፉን እንደሚነቅል ሰው፣
"አሁንማ አይተነፍስም፣ ምን ይሠራለታል?" ብሎ።
ሌላ ሰው ቢያደርገው ስቄ በሞትኩ።)

ከፋሲካ ማግስት አናቴን ሲወጥረኝ ፍርሃት ገባኝና፣
የዘለልኩትን ላካክስ፣ ዕዳዬን ልክፈል አልኩና፣
ሦስት ፍሬ በአንዴ ዋጥኩ፣ ውዝፍ ኪራይ እንደሚከፍል ሰው፤
ኪኒኑም ከእቃ ሣጥኔ፣ ከመፍቻና ከግራሶ ጋር፣ ፀሐይ የጠበሰው።

ከአይሱዙው ሥር ብድግ ስል አዳማ ጠፋች።
የባጃጁ ጥሩምባ ራቀ፣ ፀሐይዋ ጨለመች።
ኮረብታው ላይ የሚዞሩት ነጫጭ ክንፎች
ራሴ ውስጥ ገብተው ዞሩ።
ተለማማጄ ለሚ ብብቴን ባይይዝ
ጥርሶቼ ከክሪኩ ሥር ይለቀሙ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ነጃት አልተቆጣችም።
ወንበር ሳበችልኝ፣ አምስት ደቂቃ አላናገረችኝም።
"ትናንት የረሳኸውን ዛሬ አትደርበው፤ የዛሬውን ብቻ ዋጠው፤
ስትነሣም እንደ ክሪክ ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሰውነትህን አታስደንግጠው።
ለወገብህ የምትውጠው ማስታገሻ ካለ ንገረኝ፤
ቢያስልህ፣ እግርህ ቢያብጥ፣ በራስህ አትተው፣ ና አሳየኝ።"
ለካ ያ የወገብ ኪኒን፣ ከሱቅ እንደ ከረሜላ የምገዛው፣
ግፊቴን ከጀርባ ሲነፋው ኖሯል።

አሁን መድኃኒቴ እቤት ነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ከሬዲዮው ጎን፤
የአንድ ሰዓት ዜና ሲጀምር ነው የምውጠው፣ ዜናው ምንም ቢሆን።

ትናንት ጋሽ ወልደሰንበት፣ ሎተሪ አዟሪው፣ መጣ፤
"አናቴ ሊፈነዳ ነው፣ ካንተ ኪኒን አንዷን አምጣ፤
ያው አንድ በሽታ አይደል?"
ደጄ ላይ የተሰቀለውን የሲኖ ጎማ አሳየሁት፤
"ይሄ ለባጃጅ ይሆናል?" ብዬ ጠየቅሁት።
ዝም አለ።
ሱቁን ለለሚ ትቼ፣ ጎትቼ ይዤው ሄድኩ፤
ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

አምስት ደቂቃ። ሎተሪዎቹን ጭኑ ላይ ይደረድራል።
ነጃት ነፋች። ለቀቀች።
እንደ ለመደው፣ ቁጥር እስኪጠራ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።
"ዕጣ አይደለም፣ ልክ ነው" አልኩት በሆዴ፣
ተራዬን ስጠብቅ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ እስከ ክንዴ።